የሰርዋ ቁጥር

ኢንስፔክተር ካሤ ወደ ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ ያየው የሟቹን ጫማ ነበር። አንዱ እግሩ ላይ ነው፤ ሌላው ከጠረጴዛ ሥር በጎኑ ወድቋል። ዶክተር በሪሁን ሲሚንቶው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ከራስ ቅሉ ኋላ የፈሰሰው ደም ጠቁሮ ደርቋል። የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ጥቂት ፀጉር ተጣብቋል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የነሐሴ ብርድ ይገባል።

"ማን አገኘው?"

"እሱ ነው" አለ ሳጅን ምሳው፣ በረንዳው ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠውን ወጣት በአገጩ እያመለከተ። "ጸሐዩ ይባላል። የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው። እዚህ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጠዋት ሥራ ሊገባ ሲመጣ የበሩ ቁልፍ ተሰብሮ አገኘሁት ነው የሚለው። ሟቹ የሚሠራበት ኮምፒውተርም የለም።"

ቤቱ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል የወባ ጥናት ጣቢያ ነው። ሬሳው ያለበት ክፍል ግድግዳውን ተከትሎ በስስ መረብ የተሸፈኑ ሳጥኖች ተደርድረውበታል። ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቆሟል፤ ጠፍቷል። ካሤ ሬሳውን ለማየት በርከክ እንዳለ የእጁን ጀርባ አንድ ነገር ነደፈው። በጥፊ መታው። ትንኝ ነበረች።

"ከሳጥን አምልጣ ነው" አለ ጸሐዩ ከበሩ ሆኖ። ዓይኑ ቀልቷል። "አይስጉ፤ እዚሁ የተፈለፈሉ ናቸው፤ በሽታ የለባቸውም።"

"ምን ያደርጉላችኋል?"

"በምን ያህል ሙቀት ምን ያህል እንደሚባዙ እንለካለን። የቀረው ሒሳብ ነው። ዝናቡን፣ ሙቀቱን፣ የትንኙን ብዛት በሒሳብ እናያይዘዋለን። ወባ የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚበረታ ከሳምንታት በፊት ይነግረናል። አጎበሩም መድኃኒቱም ለሁሉም አይበቃም። ቀድሞ የት ይሂድ የሚለውን የምንናገረው እኛ ነን።" ወደ ሬሳው አየና፣ "እሱ ነበር" አለ።

ከሆስፒታል የተጠራችው ዶክተር ቤዛ ደረሰች። ከጎንደር ተመድባ የመጣች ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ናት። የሬሳውን ሙቀት ለካች፣ ክንዱን ለማጠፍ ሞከረች፣ ፊቷን አጨማደደች።

"መቼ ነው የሞተው ዶክተር?" አለ ካሤ።

"እውነቱን ልንገርዎት? የሬሳ ምርመራ ሙያዬ አይደለም። ባለሙያው ያለበት እንዳንልከው መንገዱ ተዘግቷል። ገላው ሠላሳ ዲግሪ ግድም ነው፤ ብዙ አልቀዘቀዘም። ግን ደግሞ ከሞተ ብዙ ሰዓት እንደሆነው ሰው ድርቅ ብሏል። ለእኔ ሁለቱ አልገጥም ብለውኛል።"

"ይቅርታ" አለ ጸሐዩ። "ሊሰላ ይችላል።"

ሁለቱም ዞረው አዩት።

"ትኩስ ነገር ቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ መጀመሪያ ቶሎ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ሰው ሲሞት ሠላሳ ሰባት ግድም ነው። ክፍሉ አሁን..." ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየ፤ "አሥራ አምስት ነው። ከዚህ ተነስተን ወደ ኋላ መሄድ እንችላለን።"

እስክሪብቶ ለመነ። ሳጅኑ በሰጠው ወረቀት ላይ በፍጥነት ሠራ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

"ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም። ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ነው።"

ቤዛ ወረቀቱን ተቀብላ መስመር በመስመር ተከታተለችው። "ዩኒቨርሲቲ ተምረነዋል። አሠራሩ ትክክል ነው።"

"መድረቁስ?" አለ ካሤ።

"እንግዲህ..." ትከሻዋን ነቀነቀች። "እኔ ያልኩት ግምት ነው። ይኼ ቁጥር ነው።"

ካሤ ቁጥሩን ተቀበለ። ሬሳው በቃሬዛ ሲወጣ ጸሐዩ አብሮ ተሸከመ።

*

"የሚጠላው ሰው ነበር?"

ጸሐዩ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ ይህን ጥያቄ እንደ ፈራው ያስታውቃል። አንገቱን ደፋ።

"አንድ ሰው አለ። ግን የደረሰበትን ሲሰሙ..."

"ስሙ ማነው?"

"ዘበነ። የአበርገሌ ሰው ነው፤ ከቁርቁራ። አምና የክረምቱ ዝናብ ሲያቆም የነበረን መድኃኒትና አጎበር ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ ብቻ ነበር። ሒሳቡ ሰርዋን አስቀደመ። ወባው ግን ቁርቁራ ላይ ወደቀ። ዘበነ ሁለት ልጆች ሞቱበት። ባለፈው ሰሞን ዱላ ይዞ መጥቶ በሪሁንን 'አንተ ነህ የገደልካቸው' ብሎታል። እኔ ነኝ መሐል ገብቼ ያስወጣሁት።"

"አንተስ? ሌሊት አሥር ሰዓት የት ነበርክ?"

"ቤተ ክርስቲያን። ፍልሰታ አይደል? ማታ ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ፤ ደወል ሲደወል ለሰዓታት ጸሎት ሄድኩ። እስኪነጋ እዚያው ነበርኩ።"

ዘበነን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። መነኸሪያው አጥር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር፤ ዱላው ከጎኑ። ሲይዙት አልታገለም። አማርኛው ኻምጣኛ ኻምጣኛ ይላል። ካሤ የሰቆጣ ልጅ ነውና፣ "ከፈለግህ በኻምጣኛ እናውራ" አለው። ዘበነ ራሱን ነቀነቀ።

"ለመንግሥት በአማርኛ ነው የምነግረው። ኋላ አልገባንም እንዳትሉ።"

"ሌሊት የት ነበርክ?"

"መነኸሪያው በረንዳ ላይ ተኝቼ።"

"ማን አየህ?"

"ብርዱ።"

"ዶክተር በሪሁን ተገድሏል።"

ዘበነ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ደስታም ድንጋጤም አልታየበትም። የሚጠብቁት ሰው ሳይመጣ ሲቀር እንደሚሆነው ሆነ።

"ሞተ? እንግዲያ ማን ይነግረኛል?"

"ምኑን?"

"ልጠይቀው ነበር የመጣሁ። መጀመሪያ ጊዜ ተናድጄ ተሳደብኩ፤ አልጠየቅሁትም። አሁን ረግቼ ልጠይቀው ነበር። ንዳዱ ሲመጣ እኛን ለምን ተዋችሁን ብላቸው፣ ቁጥር ነው ይሉኛል። ታላቂቱን ጠዋት ቀበርኳት። ታናሿን ማታ። ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ልጄ ስንተኛ ነበረች? ይችን ብቻ ነበር።"

"ገድለኸዋል?"

"አልገደልሁም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እኔ የገደልኩ እንደሁ እዚያው ተቀምጬ እጠብቃችሁ ነበር። ወዴት እሸሻለሁ?"

ሳጅን ምሳው ከወጡ በኋላ፣ "ምክንያት አለው፤ ዝቷል፤ ያየው ሰው የለም" እያለ በጣቱ ቆጠረ። ካሤ የቀረውን አልጠበቀም። ዘበነ ማረፊያ ቤት ገባ። ሚስቱና የቀረችው ሕፃን ቁርቁራ ናቸው፤ ወደ እነሱ የሚልከው ሰው ቢለምን ማንም አልተገኘም።

*

ካሤ መርጌታ ገብረ አምላክን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጸሐዩን ያውቁታል።

"ነበረ ልጄ። ሰዓታቱ ሲጀመር ገባ፤ ኪዳን ደርሶ እስኪነጋ አልወጣም። ከዓምዱ ሥር ቆሞ ነበር።"

"ለትንሽ ጊዜም ቢሆን አልወጣም?"

"አልወጣም። ዓይኔ ከእሱ ላይ ነበር። ሲያለቅስ ነው ያደረ። እናቱን አምና ቀብሯል፤ እሷን አስታውሶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።"

"እናቱ በምን ሞቱ?"

"በንዳድ ነው ያሉኝ። ቆላ ናቸው አገራቸው።"

ካሤ አመስግኖ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የወባ መከላከሉን ሥራ የምታስተባብረውን ወይዘሮ ሰርክአዲስን ቢሮዋ ሄዶ አናገራት። ከበሪሁን ጋር ስትጯጯህ ሰዎች ሰምተዋታል።

"ተጣልተናል፤ አልደብቅም" አለች። "ዘንድሮ ሒሳቡን አትጠቀሙበት አለኝ። አምና ለምን እንደሳተ ሳላውቅ ሁለተኛ ሰው አላስገድልም አለ። እኔስ ምን ልሁን? ዝናቡ ሊያበቃ ነው። ያለን መድኃኒት ከአምናም ያንሳል። በምን ልወስን? ሳንቲም ወርውሬ?"

"ሌሊቱን የት ነበሩ?"

"አበርገሌ፣ ኒሯቅ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ነው የገባሁት። ሾፌሩን ይጠይቁ።"

ሾፌሩ ተጠየቀ፤ እውነት ነበር። ካሤ ግን ከቢሮዋ ሲወጣ የሆነ ነገር የዋጠች መሰለው። የምትናገረውን ስትጨርስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀምጣው ነበር፤ ጣቶቿም ከላዩ አልተነሱም።

*

ዘበነ ማረፊያ ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ንዳዱ ተነሳበት። ዶክተር ቤዛ መድኃኒት ይዛ መጣች። ከወባው በላይ የሚያሰቃየው ሐሳብ ነው አለች። "ሕፃኗ ትታመምብኛለች ልሂድ እያለ ይቃዣል።"

ካሤ በማግስቱ ማለዳ ብቻውን ወደ ጥናት ጣቢያው ወጣ። የጠፋውን ኮምፒውተር ለመፈለግ ነበር። ክፍሉ ከታሸገ ወዲህ ማንም አልገባበትም። መስኮቱ እንደ ተከፈተ ነው፤ ጉም ገብቶ ጠረጴዛውን አርሶታል። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከኋላቸው ተመለከተ። ትንኞቹ መረቡ ላይ ተለጥፈው አይንቀሳቀሱም።

ሞተዋል ብሎ አሰበ። የአንዱን ሳጥን የጨርቅ እጅ ማስገቢያ ፈትቶ እጁን አስገባ። አንዷም አልነደፈችውም። እፍ ሲልባቸው አንዲቷ እግሯን አነሳች፤ ደግማ ቆመች። ብርዱ አደንዝዟቸዋል እንጂ ሁሉም አልሞቱም።

ካሤ እጁን ከሳጥኑ አውጥቶ ጀርባውን አየው። የንድፊያው ምልክት ገና ቀይ ነው፤ ሲያከው ሰንብቷል።

ያን ዕለትም ማለዳ ነበር። ያን ዕለትም መስኮቱ ተከፍቷል፤ ማሞቂያው ጠፍቷል። ክፍሉ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ቀዝቅዞ ካደረ ያች ትንኝ እንዴት በረረች?

ማሞቂያውን ሰካው፤ መስኮቱን ዘጋ። ውጭ ወጥቶ ከተማው ላይ ጉሙ ሲገለጥ ቆሞ አየ። ሲመለስ የክፍሉ አየር ፊቱን እንደ እንፋሎት መታው። የግድግዳው ቴርሞሜትር ሃያ ሰባት ይላል፤ ከሳጥኖቹ የቀጭን ክንፍ ድምፅ ይሰማል።

ቁልቁለቱን የወረደው ሊሮጥ ምንም ያህል ሳይቀረው ነው። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ገና ቢሮዋን እየከፈተች ነበር።

"የጣቢያው ማሞቂያ ማታ ማታ ይጠፋል?"

"በጭራሽ! ትንኞቹ ያልቁባቸዋል። መብራት ሲሄድ የሚነሳ ጄኔሬተር የተገዛው ለሱ ነው።"

"በሪሁን የሞተ ሌሊት ግን ሲነጋ ነው የጠፋው። አንድ ሰው ክፍሉ ቀዝቅዞ እንድናገኘው ፈልጓል።" በሩን ዘጋው። "ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ማረፊያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ታሞ ተኝቶብኛል። ሰውዬው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ያልነገሩኝን አሁን ይንገሩኝ።"

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች ከማለት ወደቀች ማለት ይቀላል። 

"የሞተ ዕለት አመሻሽ ላይ ኒሯቅ ሳለሁ ደውሎልኝ ነበር። 'ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ሰው ነው ያሳሳተው' አለኝ። ለሰርዋ የገባው ቁጥር በእጅ ተለውጧል አለ። ማነው ስለው፣ 'መጀመሪያ እሱን ላናግረው፤ ሰው ነው፤ ምክንያቱን ልስማው' ብሎ ዘጋው።"

"ለምን ደበቁኝ?"

"ለእነ ዘበነ ምን ብዬ ልነግር ነው? ልጆቻችሁ የሞቱት በስህተት እንኳ አይደለም ልበል?"

*

ጸሐዩን ያስጠራው ለምስክርነት ብሎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ሳጅን ምሳው በሩ አጠገብ ቆሟል።

"ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ ደግመህ እንድትሠራልኝ ነው" አለ ካሤ። "እኔ ሒሳብ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ክፍሉ አሥራ አምስት ሳይሆን ሃያ ሰባት ቢሆንስ?"

ጸሐዩ ወረቀቱን አየ። ካሤን አየ።

"ለምን ሃያ ሰባት?"

"ትንኝ የሚራባበት ክፍል ስንት ነው?"

ጸሐዩ እስክሪብቶውን አነሳ። አሻፈረኝ ማለት ይችል ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር መጻፍም ይችል ነበር፤ ከፊቱ ካሉት ማንም አያውቅበትም። እሱ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን በጥንቃቄ፣ መስመር በመስመር ሠራው። በዚህኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጨርስ መልሱን አሰመረበት።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም።"

"በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?"

"ከሱ ጋር" አለ ጸሐዩ።

ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደ። ካሤ በእጁ አቆመው።

"እናቴ ሰርዋ ነበረች" ብሎ ጀመረ ጸሐዩ። ድምፁ ተራ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነው። "ብቻዋን ናት፤ አሮጊት ናት። አምና ሒሳቡ ቁርቁራ አለ፤ ሰርዋ ሁለተኛ ወጣች። ልዩነታቸው ጠባብ ነው። በጣም ጠባብ። በሪሁን ተኝቶ እያለ የሰርዋን የትንኝ ብዛት ከፍ አደረግሁት። አንድ ቁጥር ነው። ማንም አይሞትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ሁለቱም ቦታ ቢሄድ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጠባብ ነው ብዬ።"

"መድኃኒቱ ሰርዋ ሄደ።"

"አልሄደም።" የጸሐዩ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "ከኒሯቅ አልፎ ወንዙ ሞላ። መኪናው ቆሞ ሰነበተና ተመለሰ። ቁርቁራ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ወደ ቁርቁራ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ይደርስ ነበር። እናቴም ያለ መድኃኒት ሞተች። ለማንም ሳይሆን ቀረ።"

ካሤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አቀረበ።

"በሪሁንስ?"

"ደረሰበት። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። 'ለዘበነ አንተው ራስህ ንገረው፤ አብሬህ እሄዳለሁ' አለኝ። ያን ሰው ፊት ለፊት ማየት አልችልም አልኩ። ክንዴን ያዘኝ፤ ገፈተርኩት። ጫማው ተንሸራተተ። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ... ሰማሁት። ድምፁን ሰማሁት። ሮጥኩ።"

"ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄድክ።"

"ልናዘዝ ነበር የሄድኩት። ከዓምዱ ሥር ቆሜ እያለቀስኩ ማሞቂያው እንደ በራ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሬሳው ሙቅ ቦታ ነው፤ አይቀዘቅዝም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ሰዓታቱ እየተቆመ እኔ በጭንቅላቴ አሰላ ነበር፤ ክፍሉ ቀዝቅዞ ከተገኘ የሞተው እኔ እዚያ ቆሜ ሳለሁ ይመስላል። ሲነጋ ሄጄ ማሞቂያውን አጠፋሁ፤ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ቁልፉን ሰበርኩ።"

"ኮምፒውተሩ?"

"ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ።"

ካሤ ወረቀቱን አጠፈው። ገዳይ ሲያምን ሁልጊዜ የሚሰማው ዕረፍት አልመጣለትም።

*

ዘበነን በዚያኑ ዕለት ለቀቁት። ትኩሳቱ በርዷል፤ ጉንጩ ግን ጎድጉዷል። ካሤ በኻምጣኛ ሁሉንም ነገረው፤ ማን እንዳደረገው፣ ለምን እንዳደረገው፣ መኪናው የት እንደ ቆመ። ዘበነ እስከ መጨረሻው ሰማው።

"ቁርቁራ ነበር የሚለው? መጀመሪያ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ አንደኛ ነበረች" አለ። ዱላውን አንስቶ ወጣ። ወደ አገሩ የሚሄድ መኪና ሳይጠብቅ በእግሩ ቁልቁል ያዘ።

ኮምፒውተሩ ከጉድጓዱ ሲወጣ ጥቅም አልነበረውም። ዝናቡ እየቀነሰ፣ ቆላው እየሞቀ ነው። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ወደ ፖሊስ ጣቢያው የመጣችው ማታ ማታ እንቅልፍ እንዳጣች ፊቷ እየተናገረ ነበር።

"ሒሳቡን አሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው" አለች። "እሱም እናንተ ጋ ነው።"

ካሤ ገባው። ዓቃቤ ሕጉን አስፈቀደ። ከኒሯቅ የዝናቡና የትንኙ ልክ በስልክ ተነገረ፤ ወረቀትና እርሳስ ለጸሐዩ ገባለት። ቀናት ፈጀበት። ምግብ ሲገባለት እያስቀመጠ ይሠራ ነበር፤ ዘቦቹ ያበደ መሰላቸው። ሲጨርስ ካሤን አስጠራ።

"ቁርቁራ" አለ። "ዘንድሮ ደግሞ ጠባብ አይደለም። ሰርዋ በጣም ትርቃለች። ቶሎ ይበሉ።"

መድኃኒቱን ለመደልደል በተቀመጠው ስብሰባ ላይ ካሤም ተጠርቶ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ወረቀቱን ተቀባበሉት። ያነበበው አልነበረም፤ ማን እንደ ጻፈው ነው ሁሉም ያየው።

"ነፍሰ ገዳይ በሠራው ቁጥር ነው መድኃኒት የምናከፋፍል?" አለ አንዱ።

"አምና በቁርቁራ ሕሊናው ቆስሏል" አለ ሌላው። "ዘንድሮ ቁርቁራ ያለው ኃጢአቱን ለማጠብ ነው። ይኼ ሒሳብ አይደለም፤ ጸጸት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው ማለቱ ራሱ አያጠራጥርም?"

"የሰርዋ ሰዎች አምና ቃል ተገብቶላቸው ምንም አልደረሳቸውም" አለ ሦስተኛው። "ዘንድሮ ወንዙ ሳይሞላ እንላክላቸው።"

ሰርክአዲስ ወደ ካሤ ዞረች። "ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ነዎት የመረመሩት። ዓይኑን አይተውታል። እውነቱን ነው?"

ካሤ በዚያ ወረቀት ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ራሱን የሚያጋልጠውን መልስ ያሰመረበትን ልጅ አሰበ። ከዚያ ደግሞ በሬሳው አጠገብ ቆሞ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ የሐሰቱን የሠራውን አሰበ። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

"አላውቅም" አለ።

መድኃኒቱ ሰርዋ ሄደ። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ወንዙንም በሰላም ተሻገረ።

*

በጥቅምት መጀመሪያ ከቁርቁራ ወሬ መጣ። መጀመሪያ ጥቂት ሰው ታመመ ተባለ። ከዚያ የጤና ኬላው ሠራተኛ ራሱ ተኛ ተባለ። ከዚያ ቀባሪ ጠፋ ተባለ።

ካሤ ማረሚያ ቤት ሄደ። የመሄድ ግዴታ አልነበረበትም። ጸሐዩ ከስቷል፤ ፂሙን አሳድጓል። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ቆመ።

"የት ሆነ?" አለ ሰላምታ ሳያስቀድም።

"ቁርቁራ።"

"መድኃኒቱስ?"

"ሰርዋ።"

ጸሐዩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በቀጭን ድምፅ፣ "አላመናችሁኝም" አለ። ወቀሳ አልነበረም። "ሰርዋ ብዬ ብዋሻችሁስ ኖሮ? የእናቱ አገር ስለሆነች ነው ብላችሁ ቁርቁራ ትልኩት አልነበር?"

ካሤ ከፊቱ ተቀመጠ።

"አስቤው ነበር" አለ ጸሐዩ። "አልዋሽም ብዬ ነው። ከእንግዲህ አልዋሽም ብዬ።" ጉልበቱን አቅፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ በኋላ ካሤ ቢጠራውም አልዞረም።

ካሤ ወደ ከተማው ተመለሰ። መነኸሪያው አጠገብ ከኒሯቅ የመጣ አይሱዙ የኋላ መዝጊያውን አውርዶ ሕሙማን ያራግፋል። ባጃጆቹ ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ይሻማሉ። ወንዶች ሴቶችን በጀርባቸው አዝለው ይወርዳሉ፤ ልጆች በጋቢ ተጠቅልለው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ካሤ መኪናው ሥር ቆሞ ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየ ዘበነን ፈለገው። የመጨረሻው ሰው ወርዶ መዝጊያው እስኪነሳ ድረስ ቆመ። አላገኘውም። በዚህ ይጽናና ወይስ ይዘን፣ አላወቀም።